የካፒቴኑ ውሻ ስንቅ

የካቲት ፲፬ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ዛሬም ከበር መለሱኝ። የአባቴን ምሳ ይዤ ከጣሊያን ምሽግ ደጃፍ ቆሜ ዋልሁ፤ አስካሪው፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደሩ፣ አገልግሉን በጫማው ገፋ አድርጎ «ከእንግዲህ ለእስረኛ ከውጭ ምግብ አይገባም» አለኝ። አርበኞች በይፋግ በኩል መንገዱን ስለቆረጡት ነው አሉ። መንገድ የቆረጠው ሌላ፣ የሚራበው የኔ አባት።

አባቴ መሪጌታ ወልደሚካኤል ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚሁ ደብረ ታቦር ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ተማሪዎቻቸው በጥር ጎጇቸውን ጥለው ጫካ ገቡ። የምሽጉ አዛዥ ካፒቴኑ «ተማሪዎቹ እስኪመለሱ መምህሩ እኔ ዘንድ ይቆያል» ብሎ አሰራቸው። ተማሪዎቹ እንደማይመለሱ እሱም ያውቃል፣ አባቴም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። የሚሠሩት እስረኞች ጥሬ ይሰፈርላቸዋል። አባቴ ግን ሽማግሌ ናቸው፣ ድንጋይ አይሸከሙም፤ ስለዚህ በቀን አንዲት እፍኝ ንፍሮ ብቻ ነው የሚሰጧቸው።

ብዕር ያነሳሁት ንዴቴን የማፈስበት ስለሌለኝ ነው። እናቴ የለች። ይፋግ የነበረውን ትዳሬን ፈትቼ ከመጣሁ ወዲህ ከአባቴ ሌላ በቤት ውስጥ የሚያናግረኝ ሰው የለም። ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። «ሴት ልጅ ፊደል ምን ያደርግላታል?» ለሚሏቸው ሁሉ «ስትናደድ ትጽፍበታለች» ይሉ ነበር። ይኸው እየጻፍሁ ነው።

የካቲት ፲፯

አስተርጓሚው ዘውዱ ዛሬ ወደ በሩ ብቅ አለ። ያገራችን ልጅ ነው፤ አባቴ ዘንድ ዜማ ጀምሮ ነበር፣ አሁን የጣሊያን ኮት ለብሷል።

«ከናንተ ውስጥ የማይበላሽ ደረቅ ምግብ አሳምራ የምትሠራ ማናት?» አለ።

ለማን እንደሆነ ስንጠይቀው አቀረቀረ። ለካፒቴኑ ውሻ ነው። ውሻው ከጎንደር በመኪና የሚመጣለትን የቆርቆሮ ሥጋ ነበር የሚበላው። አሁን መኪናው ቀረ፤ ጥሬ ሥጋ ቢሰጡት ደግሞ ተቅማጥ ያዘው። ካፒቴኑ ለአሰሳ ሲወጣ ይዞት ስለሚሄድ በኮርቻ ከረጢት የሚያዝ፣ የማይሻግት ነገር ይፈልጋል።

ሴቶቹ ፊታቸውን አዞሩ። ጎረቤቴ ፈንታነሽ ባሏ ሙላቴ እዚያው ታስሮ ውኃ ይቀዳላቸዋል፤ «ለባሌ ያመጣሁትን መልሳችሁብኝ ለውሻ ስንቅ ልቋጥር?» ብላ ምራቋን ተፋች። እኔም ልተፋ ነበር። ግን በሩ ገርበብ ሲል ውሻው የታሰረበትን ቦታ አየሁ። አባቴ ካሉበት የድንጋይ ቤት ግድግዳ ሥር ነው። ከውሻው ራስ በላይ ክንድ የምታሳልፍ ቀዳዳ አለች።

«እኔ እሠራለሁ» አልሁ።

ፈንታነሽ ያየችኝ አስተያየት እስካሁን ፊቴን ያቃጥለኛል። ለምን እንዳልሁ ልነግራት አልቻልሁም፤ በበሩ ያለው ጆሮ ብዙ ነው። ደግሞ ንገሪኝም አላለችኝ። እንደዚያ ከማየቷ በፊት ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?

የካቲት ፲፱

ድርቆሽ ወሰድሁ። ውሻው ኔሮ ይባላል። ጥቁር፣ ጆሮው የተንጠለጠለ፣ ጥጃ የሚያህል። አሸተተው፣ ዞረው፣ ከዚያ እግሩን አንሥቶ ሸናበት። የጤፍ እንጀራ ነው። ሰው በሚራብበት አገር።

የካቲት ፳፩

በሶ። አፍንጫው ውስጥ ገብቶ አስነጠሰው፣ አስካሪዎቹ ሳቁ። በውኃ ልበጥብጠው ብል «ደረቅ ነው የተባልሽው» አለኝ ዘውዱ። ቆሎም ሰጠሁት፤ እንደዋጠው ወጣ። ዘውዱ የካፒቴኑ ትዕግሥት እያለቀ ነው ይለኛል። ስለኔ ትዕግሥት የጠየቀ የለም።

የካቲት ፳፬

ዛሬ ተሳካ፤ ግማሽ በግማሽ።

የገብስ ዱቄት በኑግ ለውሼ፣ ድብልብል አድርጌ ቆርጬ ዳቦ ቆሎ ሠራሁ። ጾም ስለሆነ እጄ ወደ ቅቤ ጨርሶ አልሄደም። ውሻ ሑዳዴ እንደማይጾም አሁን ስጽፍ ነው ትዝ ያለኝ፤ ለራሴም ሳቅሁ። ኔሮ ጥቂት ቆረጠመና ተወው። ግን ቆረጠመ። አስካሪው ያንን አይቶ ፊቱን ሲያዞር የውሻውን ሳህን የማስተካክል መስዬ ተንበረከክሁና አንድ እፍኝ ወደ ቀዳዳዋ ወረወርሁ።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ።»

«አመቴ፣ ምንድን ነው ይኸ?» አሉኝ።

«ዳቦ ቆሎ ነው።»

«ምን አለበት?»

«ኑግ ብቻ ነው። የጾም ነው።»

«የውሻውን ነው እንዴ ያመጣሽልኝ?»

«የውሻው አፍ አልነካውም አባዬ። ከከረጢቱ ነው የዘገንሁት።»

ሲያኝኩ ሰማሁ። ጌታዬ፣ ሲያኝኩ ሰማሁ። ጥርሳቸው ለዚያ ደረቅ ነገር እንዴት እንደበቃ እንጃ። የውሻውን ስም ጠየቁኝ፣ ነገርኋቸው። «ጴጥሮስንና ጳውሎስን ያስገደለው ኔሮን? እንግዲህ ደኅና አድርገሽ ቀልቢው» ብለው ሳቁ። አስካሪው ሲዞር ሳህኑን አንሥቼ ወጣሁ። ወደ ቤት ስመለስ ከመንገድ ዳር ተቀምጬ አለቀስሁ፤ በንዴት ነው ያለቀስሁት። አባቴን ለማብላት የጣሊያንን ውሻ ማብላት አለብኝ።

የካቲት ፳፮

ለቅዳሴ ሄጄ ነበር። የደብሩ ቅጥር በር ላይ ፈንታነሽ በሴቶቹ ሁሉ ፊት «ውሻ ስትደባብሽ በከረምሽበት እጅ ልትገቢ ነው?» አለችኝ። ቄስ አድማሱ የነፍስ አባታችን ናቸው፤ ቆመው እያዩ ዝም አሉ። ከግንቡ ውጭ ቆሜ አስቀደስሁ። መልስ አልሰጠኋትም። ስመለስ መንገዱን ሁሉ መልስ ስሰጣት መጣሁ።

መጋቢት ፪

ካፒቴኑ መጣ። የውሻውን ጎድን በጣቱ ዳሰሰ፣ ፊቱ ተለወጠ፣ ብዙ ተናገረ። ዘውዱ ከቀዳዳዋ ሥር ቆሞ እንደ አዋጅ ነጋሪ ጮኸው፦

«ውሻው ከዚህ በላይ ከከሳ፣ እሱ በታሰረበት ሰንሰለት አንቺን አስርሻለሁ ይላል።»

እንዲህ ብለው ሄዱ። እኔ የአባቴን እፍኝ ወረወርሁ።

«አመቴ፣ ውሻው ከስቷል እንዴ?» አሉኝ።

«አንቱ ይብሉ። ስለ ውሻው ምን አስጨነቀዎ?» ብዬ ተቆጣሁ።

መጋቢት ፬

ወሰንሁ። ቅቤ ነው።

ሁለት ዓይነት ሠርቼ መውሰድ አልችልም። በር ላይ ከረጢቱን ይዘረግፉታል፣ የኑጉ ጥቁር ነው፣ የቅቤው ቢጫ። አንዱ የማን ነው ቢሉኝ ምን እላለሁ? ሱፍ ቢኖር መልኩ ከቅቤው አይለይም ነበር። ግን ሱፍ የሚመጣው ከቆላው፣ ከፎገራ በኩል ነው፤ መንገዱ ከተዘጋ ገበያ ላይ የዓይን መድኃኒት ሆኗል። ቅቤ ግን ሞልቷል፤ አገር ሁሉ ስለሚጾም የሚበላው የለም።

ሁሉንም በቅቤ ለወስሁት። ኔሮ ሳህኑን ላሰ። ወደ ቀዳዳዋ ስወረውር «በሱፍ ነው» አልሁ። ዋሸሁ፤ በሑዳዴ፣ አባቴን።

«እሺ ልጄ» አሉ።

ሲያኝኩ ለመስማት ብቆይም አስካሪው አባረረኝ።

መጋቢት ፱

ካፒቴኑ «ብራቫ» አለኝ። ምን ማለት እንደሆነ ዘውዱ ሊነግረኝ ሲል እጄን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። ውሻው ጠጉሩ ማብረቅ ጀምሯል።

መጋቢት ፲፫

የገረመኝን ልጻፍ። ከኔሮ ድርሻ እየቀነስሁ ለአባቴ መጨመር ከጀመርሁ ሰንብቻለሁ፤ ሳህኑን ግማሽ ብቻ ነው የምሞላለት። ውሻው ግን እየወፈረ ነው። ቅቤ እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር። ካፒቴኑ አንገቱን እያሻሸ ይስቃል፤ የአንገቱን ማሰሪያ አንድ ቀዳዳ አላልቶለታል።

ደግሞ የሚያናድደኝ እኔን እንደ ቀላቢው አያየኝም። ሳህኑን ጨርሶ ፊቱን ወደ ቀዳዳዋ አዙሮ ይቀመጣል። አባቴ ሲያስሉ እንኳ ጭራውን ይወዘውዛል። እኔ ጀርባዬ እስኪቆረጥ ስወቅጥ፣ ስለውስ፣ እሱ የወደደው አባቴን ነው።

የአባቴ ድምፅ ቀጥኗል። «ምነው?» ብላቸው «ብርድ ነው» አሉኝ። ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ካፒቴኑ ምን አለ? ደስ ብሎታል?» ትናንትም ዛሬም። አንቺስ እንዴት ነሽ አይሉኝም። የፈንታነሽን ስድብ፣ ከቅጥር ውጭ መቆሜን፣ ሁሉን ልነግራቸው ነበር። «አዎ፣ ደስ ብሎታል፣ ውሻው ወፈረለት» አልኋቸው በምሬት። «ተመስገን» አሉኝ። ለውሻ መወፈር ተመስገን።

መጋቢት ፲፰

ዛሬ ከቀዳዳዋ በታች፣ ከግድግዳው ድንጋይ መካከል፣ ፍርፋሪ አየሁ። ከሳህኑ የፈሰሰ አይደለም፤ ከላይ የወረደ ነው።

«አባዬ፣ እየበሉ አይደለም፣ አይደል?»

ዝም አሉ።

«ቅቤውን አወቁት። አውቃለሁ፣ አውቀውታል። ዋሽቼዎ ነበር፣ ሱፍ አይደለም፣ ቅቤ ነው። ውሻው ያለ ቅቤ እምቢ ብሎኝ ነው። ይብሉት አባዬ፣ ኃጢአቱ በኔ ይሁን።»

አንድ ነገር አሁን የተገለጠላቸው ይመስል፣ «እንግዲህ... ቅቤ ከሆነማ ከፋሲካ በኋላ ነዋ» አሉኝ።

ሳህኑን ግድግዳው ላይ ልወረውረው ነበር። እንዲህ ያለ ግትር ሽማግሌ። ረኃብ ጾም ነው እንዴ? ጾም የሚባለው ምግብ ያለው ሰው ሲተወው ነው። ይህን ሁሉ እዚያው ተንበርክኬ በሹክሹክታ ተናገርሁ። ሙላቴ እንስራ ተሸክሞ በአጠገቤ ሲያልፍ ቆም ብሎ አየኝ፤ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ገጠመና ሄደ። ሚስቱ ምን ብላ እንዳማችኝ ያውቃላ። እሱም ይናቀኝ።

ከዚያ በቀጥታ ቄስ አድማሱ ቤት ሄድሁ። በሩ ላይ ሆኜ፣ ሳልገባ፣ ሁሉን ነገርኋቸው። ያኔ ዝም በማለታቸው አፍረው እንደሆነ እንጃ፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ለታመመና ለታሰረ ይፈቀዳል። እኔ ፈቅጃለሁ፣ ይብሉ በያቸው» አሉ።

መጋቢት ፲፱

ነገርኋቸው። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ በያቸው» አሉ። ይበላሉ ወይ ብል ስለ ካፒቴኑ ጠየቁኝ። ጾሙን የሠራውን ረገምሁት። ይኸን መጻፍ ኃጢአት ነው፤ ግን ረግሜዋለሁ።

መጋቢት ፳፫

ሱፍ አገኘሁ።

ከወንዛዬ ፍል ውኃ የሚመለሱ ሰዎች በሐሙሲት በኩል ሲያልፉ ሸምተው ነበር፤ ነጠላዬን ሰጥቼ ወሰድሁ። ወቅጬ፣ አጥልዬ፣ ለውሼ ስጨርስ ክንዴ አልታዘዝ አለኝ። ከቅቤው ጋር አስተያየሁት። አንድ ነው፣ በር ላይ ማንም አይለየውም። የሱፉን ከከረጢቱ አፍ፣ የቅቤውን ከሥር አደረግሁ። ነገ ምክንያት አይኖራቸውም።

መጋቢት ፳፬፣ ሆሣዕና

«አባዬ፣ ይህ የሱፍ ነው። በእናቴ አፅም።»

«አምንሻለሁ ልጄ።»

እፍኝ በእፍኝ አስገባሁላቸው። ድምፃቸው የሕፃን ያህል ሆኗል። «ዛሬ ሆሣዕና ነው አይደል?» አሉኝ። ነው አልኋቸው።

በሰሙነ ሕማማት ለሞተ ሰው ፍትሐት እንደማይደረግ ማንም ያውቃል፤ በሳምንቱ ውስጥ ለሚሞተው ሁሉ በሆሣዕና ቀድሞ ይፈታለታል። እኔ የውሻውን ሳህን እያጠብሁ ሳለ ከግድግዳው ውስጥ ያ ቀጭን ድምፅ ፍትሐቱን አነሣ። ድንጋይ የሚሸከሙት እስረኞች ሸክማቸውን አውርደው ይቀበሉ ጀመር። በር ላይ ያለው አስካሪ የሐማሴን ልጅ ነው፤ ባርኔጣውን አውልቆ አማተበ። ካፒቴኑ ከሰገነቱ ሆኖ አየና ወደ ውስጥ ገባ።

እኔ ግን ተናደድሁ። ለማውራት እንኳ ድምፅ ያጡ ሰው ያን ሁሉ ዜማ ከየት አመጡት? «አሁን ይረፉና ይብሉ» አልሁ በቀዳዳዋ። «እሺ አመቴ። አንቺም ሂጂ፣ ብላ በይው ውሻውን» አሉኝ። ከአባቴ አፍ የሰማሁት የመጨረሻው ይህ ነው።

መጋቢት ፳፯

ሞቱ። ማለዳ ዘውዱ መጥቶ ነገረኝ። ፊቴን ማየት አልቻለም። ኮቱን ቀድጄበታለሁ፣ ዝም ብሎ ቆመልኝ።

መጋቢት ፳፰

ቀበርናቸው። ጸሎት የለም፣ ሕማማት ነው። ስንቱን በዜማ የሸኙ ሰው በዝምታ ሄዱ። ሲሸከሟቸው ቀላል ናቸው፣ የተጠቀለለ ሰሌን ያህል።

ሬሳቸውን ላወጣ ስገባ የቤቱን ወለል በእጄ ዳስሼዋለሁ። ከሱፉ አንዲት ፍሬ አልቀረም። ቢያንስ የሱፉን በልተዋል። ይኸን ለራሴ እየደጋገምሁ ነው። ጾማቸውን ሳይሽሩ፣ ከልጃቸው እጅ በልተው ነው የሄዱት። በግትርነታቸው ግን ይቅር አላልኋቸውም። ከቅቤው ትንሽ ቢቀምሱ ዛሬ ይኖሩ ነበር።

ሚያዝያ ፩፣ ፋሲካ

ካፒቴኑ ለበዓል ጥቂት እስረኞች ፈታ፤ ሙላቴም ተፈታ። ከሰዓት በኋላ ከፈንታነሽ ጋር ቤቴ መጡ። ፈንታነሽ ከደጅ ቆመች፣ አልገባም አለች፤ በኩራት አልነበረም።

«ግቡ እንጂ አያ ሙላቴ» አልሁ። ተቀመጠና እጁን አየ።

«አባትሽ በሥላሴ ገዝተውኝ ነው ዝም ያልሁሽ» አለ። «ለሚስቴም አልነገርሁም። ዛሬ ቄስ አድማሱን ጠይቄ ግዝቱን ፈቱልኝ።»

«ምኑን?»

«ያን ቀን፣ ካፒቴኑ ውሻው ከከሳ አንቺን አስራለሁ ያለ ጊዜ፣ ሁሉን ሰምተዋል። ከዚያ ወዲህ አንዲት ፍሬ ወደ አፋቸው አላስገቡም። አንቺ ስትሄጂ ለውሻው ይወረውሩለታል። እኔ ውኃ ሳመጣ እያየሁ ነው።»

«ቅቤ ስለሆነ ነው እንጂ...»

«የምን ቅቤ? ቀምሰውት መች ያውቃሉ? ቅቤ መሆኑን አንቺ ነሽ የነገርሻቸው። “ጥሩ ሰበብ ሰጠችኝ፣ ከእንግዲህ አትጠረጥርም” ብለውኛል።»

«የሱፉንስ?» አልሁ።

ሙላቴ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ፈንታነሽ ከደጅ ሆና እየጮኸች ማልቀስ ጀመረች።

ጾሙን ረግሜ ነበር። አባቴን ግትር ብዬ ጽፌአለሁ፤ ከላይ አለ፣ አልፍቀውም። ውሻው ሲወፍር ቅቤው ነው ብዬ ነበር። በየቀኑ እየቀነስሁበት ሲወፍር እያየሁ፣ በገዛ ዓይኔ እያየሁ፣ አልጠየቅሁም። አንድ ቀን እንኳ አንቺስ አላሉኝም ብዬ አኩርፌ ነበር። «ካፒቴኑ ደስ ብሎታል?» ሲሉ ሌላ ምን ኖሯል የጠየቁኝ?

ሚያዝያ ፭

መንገዱ ተከፈተ። ካፒቴኑ ወደ ጎንደር ተዛውሯል፤ ዛሬ ሊሄድ ሲል አስጠራኝ። መኪናው ተጭኗል፤ ኔሮ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ አንገቱ ወፍሮ ሁለት ሆኗል።

ካፒቴኑ ተናገረ፣ ዘውዱ ተረጎመ። በቆርቆሮው ሥጋ ከተመገበበት ጊዜ ይልቅ ውሻው በኔ ምግብ ጤና አግኝቷል፤ እዚያም እንደዚሁ እንዲሠሩለት ይፈልጋል።

«ምን ምን እንዳለበት ንገሪን፣ ይጽፈዋል» አለኝ ዘውዱ። ካፒቴኑ እርሳሱን አውጥቶ ፈገግ ብሎ ጠበቀኝ።

«አባቴ አለበት በለው» አልሁት።

ዘውዱ አልተረጎመም።

«በለው እንጂ። ምን ምን አለበት አላለም? አባቴ አለበት።»

ወደ ካፒቴኑ ዞሮ አጭር ነገር ተናገረ። ገብስና ቅቤ ነው ያለው ይመስለኛል። ካፒቴኑ ራሱን ነቅንቆ ጻፈና ወደ መኪናው ገባ።